ጥቁረቱ አያስደንግጣችሁ፦ የድሮ የብር ማዕድ ዕቃ እንዴት ይመረመራል?

ጠረጴዛ ላይ ሁለት የድሮ የብር ማንኪያዎች አሉ እንበል። አንዱ እንደ ከሰል ጠቁሯል። ሌላው ፊት ያሳያል። ሰው ሁሉ እጁን የሚዘረጋው ወደሚያበራው ነው። እኔም ድሮ እንደዚያው ነበርኩ። አሁን ግን መጀመሪያ የማነሳው ጥቁሩን ነው። ጥቁሩን ቢያንስ በቅርቡ ማንም አልፈገፈገውም። የሚያበራው እንዲህ ያበራው በምን እንደሆነ ግን ሳላጣራ አላምነውም።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር። እዚህ «ብር» ስል ማዕድኑን ነው፤ ኪስ ውስጥ ያለውን አይደለም። ዓመቶቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የብር ዕቃ ዋና በሽታው መጥቆር ሳይሆን ማለቅ ነው። አየር ውስጥ ያለ ድኝ ብሩን ሲያገኘው፣ ላዩ ላይ የብር ሰልፋይድ የሚባል ስስ ሽፋን ይፈጠራል። መጀመሪያ ቢጫ ይላል። ቀጥሎ ቡናማ፣ ወይን ጠጅ፣ ሰማያዊ ይሆንና መጨረሻ ላይ ይጠቁራል። ቀለሙ የሚለዋወጠው ሽፋኑ እየወፈረ ስለሚሄድ ነው። ድኙ ከየትም ይመጣል፦ ከእንቁላል፣ ከሽንኩርት፣ ከሱፍ ጨርቅ፣ ከጎማ፣ ከጭስ። ሽፋኑ ግን ከፀጉር በብዙ እጥፍ የሳሳ ነው። በመጥቆሩ ብቻ ዕቃው ያጣው ብር ከቁጥር አይገባም።

መወልወሉ ነው ጣጣው። ስትወለውሉ ጨርቁ ላይ የሚቀረው ጥቁር ነገር ተራ ቆሻሻ ይመስላል። ውስጡ ብር አለ። አንዴ ቢሆን ምንም አይደል። በየሳምንቱ ለ200 ዓመት የተወለወለ ትሪ ግን ሌላ ታሪክ ነው። መጀመሪያ ቅርጹ ይደበዝዛል፤ ከዚያ የብሩን ጥራትና ምንጭ የሚናገረው ማህተም ይጠፋል፤ ከዚያ ጠርዙ ይሳሳል፤ በመጨረሻ ይበሳል። የተሰረጎደ ዕቃ በጎበዝ አንጥረኛ እጅ ይቃናል። ያለቀ ብር ግን ተመልሶ አይመጣም። ምርመራው ሁሉ የሚዞረው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው፦ ከዚህ ዕቃ ላይ ምን ጎድሏል? የጎደለውንስ ማን ሸፈነው?

ስለዚህ ሳታዩ አትወልውሉ። ጥቁረቱ መርማሪ ነው። የተበየደበት ቦታ ከቀሪው ብር የተለየ ስለሆነ አጠቋቆሩም ይለያል። ቅርጹ ውስጥ የገባው ጥቁር መስመሩን አጉልቶ ያሳያል። ይህን አጥባችሁ ከጣላችሁት በኋላ ዕቃው ምስክሩን አጥቷል።

መሣሪያው ብዙ አይደለም። የመስኮት ብርሃን፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ የወጥ ቤት ሚዛን፣ ንጹሕ እጅ፣ የራሳችሁ ትንፋሽ። ትንፋሹን ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ዕቃው እስከ ውስጡ ብር ነው ወይስ ቅብ? የሚለው ነው። ይህ ካልታወቀ ስለ ሁኔታው ማውራት አይቻልም፤ የሁለቱ ዕድሜና አረጃጀት አይመሳሰልምና። «ሙሉ ብር» የሚባለውም ንጹሕ ብር አይደለም። ንጹሕ ብር ለሹካና ለማንኪያ በጣም ለስላሳ ነው፤ ስለዚህ መዳብ ይቀላቀልበታል። ስተርሊንግ የሚባለው ከ1000 እጅ 925ቱ ብር ሲሆን ቀሪው አብዛኛውን ጊዜ መዳብ ነው። አገር በአገር ይለያያል፦ የጀርመን ዕቃ ላይ 800 የሚል ቁጥር የተለመደ ነው። የድሮ የሩሲያ ዕቃ ላይ ደግሞ 84 ታያላችሁ። ይህ ከ96 እጅ 84ቱ ማለት ነው፤ ወደ እኛ ስሌት ሲመጣ 875 ይሆናል። ቁጥሩ አነሰ ብሎ የተናደደ ሰው አውቃለሁ።

ቅብ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱን ማወቅ ደግሞ ይጠቅማል። የመጀመሪያው በ1740ዎቹ ሼፊልድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ቶማስ ቦልሶቨር ያገኘው ነው። የመዳብ ጡብ ላይ የብር ሉህ አጣብቆ በሙቀት ማዋሃድ፣ ከዚያ አንድ ላይ ዳምጦ ማሳሳት። ዕቃው የሚሠራው ከዚህ ሳንድዊች ነው። ሁለተኛው ኤልኪንግተን የሚባሉ እንግሊዛውያን በ1840 የባለቤትነት መብት ያወጡበት በኤሌክትሪክ ብር የማልበስ ዘዴ ነው። እዚህኛው ላይ ዕቃው መጀመሪያ ከሌላ ማዕድን ተሠርቶ ያልቅና ከዚያ ብር ይለብሳል። ከሥር ያለው ብዙውን ጊዜ «ኒኬል ሲልቨር» የሚባለው ነው። ስሙ አያታልላችሁ፤ መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ እንጂ ውስጡ አንዲት ቅንጣት ብር የለም። ጀርባው ላይ ኢ ፒ ኤን ኤስ (EPNS) የሚሉ አራት የላቲን ፊደላት ካያችሁ ነገሩ አለቀ፤ ቅብ ነው።

ቅብ የሚያልቅበት ቦታ ይታወቃል። ማንኪያን እንደ ወትሮው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፤ ጠረጴዛውን የሚነካው የጎድጓዳው ጀርባ ነው። መጀመሪያ የሚያልቀውም እሱ ነው። የሹካ ጥርስ ጫፍ፣ የትሪ እግር፣ የክዳን ጉብታ፣ ጣት ዘወትር የሚያርፍበት የእጀታ ወገብ ይከተላሉ። ከሥር ቀላ ያለ ከወጣ መዳብ ነው። ቢጫ ያዘለ ግራጫ ከወጣ ኒኬል ሲልቨር ነው። የድሮው የሼፊልድ ዕቃ ላይ በትንሹ ቀላ ማለቱ እንደ ነውር አይታይም፤ ሰብሳቢዎች እንዲያውም ይወዱታል። ያንን ዕቃ እንደገና ብር ማስለበስ ነው ዋጋውን የሚገድለው።

ማግኔት ይዘው የሚዞሩ ሰዎች አሉ። ብር በማግኔት አይሳብም፤ ልክ ነው። ግን መዳብም፣ ነሐስም፣ ኒኬል ሲልቨርም አይሳቡም። ማግኔት የሚነግራችሁ «ይህ ብረት አይደለም» የሚለውን ብቻ ነው። አሲድ ጠብ የማድረግ ነገርም አለ፤ ዕቃው ላይ ጠባሳ ስለሚተው እኔ አልመክርም። የኤክስሬይ መለኪያ ጉዳት አያደርስም፤ እሱ ግን የሚያነበው ላዩን ነው። ወፍራም ቅብ ሊሸውደው ይችላል።

ወደ ማህተሙ እንምጣ። የእንግሊዝ ዕቃ ለመማር ይመቻል፤ ማህተሞቹ በተርታ የተደረደሩ ናቸው። የሚራመድ አንበሳ ካያችሁ ስተርሊንግ ነው፤ ከ1544 ጀምሮ የነበረ ነው። የነብር ራስ ለንደን ነው፤ መነሻው የ1300 ሕግ ነው። መልሕቅ በርሚንግሃም፣ ዘውድ ሼፊልድ፣ ግንብ ኤድንብራ። ብሩን መርምረው ማህተም የሚመቱት የበርሚንግሃምና የሼፊልድ ቢሮዎች የተከፈቱት በ1773 ነው። የሼፊልድ ዘውድ በ1975 በጽጌረዳ ተተክቷል። አንዲት ብቻዋን የቆመች ፊደል ዓመቱን ትናገራለች፤ ይህ አሠራር በለንደን ከ1478 ጀምሮ ነበረ። በየዓመቱ ፊደሏ ትቀየራለች፤ ተርታው ሲያልቅ የፊደሏ አጣጣልና የጋሻዋ ቅርጽ ተቀይሮ እንደገና ይጀመራል። ስለዚህ ፊደሏን ብቻ ሳይሆን ዙሪያዋን ያለውን ጋሻም ተመልከቱ። የንጉሥ ወይም የንግሥት ራስ ካለበት ግብር ተከፍሎበታል ማለት ነው፤ ይህ ከ1784 እስከ 1890 ብቻ የቆየ ነው። አንበሳው ጠፍቶ የተቀመጠች ሴት ካያችሁ ደግሞ ከስተርሊንግ የበለጠ ጥራት ያለው፣ 958 ገደማ የሆነ ብር ነው። በ1697 የወጣ ሕግ ሰዎች ሳንቲም አቅልጠው ሳህን እንዳይሠሩ ሲል ያስገደደው ነበር። ግዴታው በ1720 ተነሣ። የፈረንሳይ ዕቃ ላይ ከ1838 ወዲህ የራስ ቁር የደፋች ሴት ራስ ትፈልጋላችሁ። የጀርመኑ ላይ ከ1888 ወዲህ ግማሽ ጨረቃና ዘውድ። አሜሪካኖቹ ብዙውን ጊዜ «ስተርሊንግ» ብለው በቃል ይጽፉታል።

ብዙ ሰው ማህተሙን አንብቦ ዕድሜውን ካወቀ በኋላ ይተወዋል። ለእኔ ማህተሙ ከዚያ በላይ ይሠራል። የመልበስ መለኪያ ነው። ማህተሙ ሲመታ ጥልቀት ነበረው። ጣታችሁን በላዩ ስታሳልፉት ጠርዙ ከተሰማችሁ ዕቃው ብዙ አልተፈገፈገም። አንበሳው የቀለጠ ሳሙና ከመሰለ ግን ያ ሁሉ ብር የት ሄደ? ቀጥሎ ማህተሙን ከጌጡ ጋር አስተያዩት። አብረው ነው ማርጀት ያለባቸው። ማህተሙ ደብዝዞ አበባው ትናንት የተቀረጸ ከመሰለ፣ አበባው የኋላ ሰው ሥራ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ዕቃው አልቆ ማህተሙ አዲስ ከሆነ ከዚህ የባሰ ነገር ጠርጥሩ፤ ከሌላ ዕቃ ተቆርጦ የገባ ማህተም።

ትንፋሹ የሚያገለግለው እዚህ ነው። ድሮ ከተሰበረች ማንኪያ ላይ ማህተሙን ቆርጠው፣ ማህተም የሌለው ትልቅ ማንቆርቆሪያ ቂጥ ላይ የሚበይዱ ነበሩ። ብየዳው ተፈግፍጎ ስለሚለሰልስ በዓይን አይታይም። ዕቃው ላይ እንደ መነጽር ጠራጊ «ሃ» በሉበት። ጉሙ ሲያርፍና ሲነሣ፣ ለአንድ ሁለት ሰከንድ የብየዳው መስመር ብቅ ይላል። በማህተሞቹ ዙሪያ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ካያችሁ ዕቃውን ቀስ ብላችሁ መልሱት። ያው ዘዴ የሼፊልድን ሳንድዊችም ያጋልጣል። በዚያ ዕቃ ላይ አርማ ቢቀረጽ መዳቡ ይወጣል፤ ስለዚህ ሠሪዎቹ አርማ የሚቀረጽበት ቦታ ላይ ወፍራም የብር ቁራጭ ያስገቡ ነበር። በትንፋሽ የቁራጩ ድንበር ይታያል። እዚህ ላይ ግን መስመሩ ጥሩ ዜና ነው።

አንድ ጥንቃቄ። እንግሊዞች እስከ 1780 አካባቢ ድረስ የማንኪያን ማህተም የሚመቱት ከግንዱ ታች፣ ከጎድጓዳው አጠገብ ነበር። ከተመታ በኋላ ግንዱ እንደገና በመዶሻ ስለሚስተካከል ማህተሙ ይጨፈለቃል። ስለዚህ የ1760 ማንኪያ ማህተሙ የተጣመመ ቢሆን አልቋል ማለት አይደለም፤ ገና ከመዶሻው ሲወጣም እንደዚያው ነበረ። የኋለኞቹ ማህተም ወደ እጀታው ጫፍ ወጥቷል፤ እዚያ ላይ ቢጨፈለቅ ግን ይህ ምክንያት አይሠራም።

አሁን ወደምወደው ክፍል ደርሰናል፤ ወደ ሚዛኑ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ብዙ የብር ዕቃ ቂጡ ላይ በመርፌ የተጫረ ክብደት አለው። የባለቤቱ ሀብት መመዝገቢያ ነበር፤ ሌባ ወይም አጭበርባሪ ሠራተኛ ቢነካው ይታወቃል። አጻጻፉ በትሮይ አውንስና በፔኒዌይት ነው። አንድ ትሮይ አውንስ 31.1 ግራም ነው፤ አንድ አውንስ ውስጥ 20 ፔኒዌይት አለ። ትሪው ላይ 20 እና 5 ተጭሮ አያችሁ እንበል። 20 አውንስ ከሩብ ነው፤ ወደ 630 ግራም። ትሪውን ሚዛን ላይ አስቀምጡት። 612 ካለ 18 ግራም ገደማ ጎድሏል፤ ከመቶ ሦስት እጅ ማለት ነው። ለሁለት መቶ ዓመት ውልወላ ይህ ቢባል ቢባል ጨዋ ጉድለት ነው። 560 ካለስ? ከመቶ 11 እጅ ጠፍቷል። በጨርቅ ብቻ ይህን ያህል አይሄድም። አርማ ተፍቋል፣ ጠርዝ ተቆርጧል፣ ወይም የሆነ አካል ተነቅሏል። 680 ቢመጣም አትደሰቱ። ዕቃ እያረጀ አይወፍርም፤ የሆነ ነገር ተጨምሮበታል። ግን ፍርድ ከመስጠታችሁ በፊት የተጫረው ቁጥር የአንዱ ብቻ መሆኑን አረጋግጡ። አንዳንዴ የጥንዱን ድምር፣ አንዳንዴ የጠፋውን ክዳን ጨምሮ ነው የተጻፈው።

የተፋቀ አርማ ብዙ ያጋጥማል። ዕቃው ከአንዱ ቤተሰብ ወደ ሌላው ሲሸጥ አዲሱ ገዢ የሌላ ሰው አርማ ላይ መብላት አይፈልግም። ያስፍቀዋል። አንዳንዱ የራሱን ያስቀርጽበታል፤ ይህ ሲደጋገም መሐሉ ወረቀት ይሆናል። እንዴት ይታወቃል? ትሪውን መስኮት አጠገብ ይዛችሁ የመስኮቱን ፍሬም ነጸብራቅ በላዩ ላይ ፈልጉት። ቀጥ ያለ መስመር ነው። ትሪውን ቀስ እያላችሁ አንቀሳቅሱትና መስመሩን በዓይናችሁ ተከተሉት። ጠርዙ ላይ ቀጥ ብሎ መጥቶ መሐል ሲደርስ ሆዱን ካጎነበሰ፣ እዚያ ቦታ ላይ ብሩ ተፍቆ ጎድጉዷል። ከዚያ አውራ ጣትና ሌባ ጣታችሁን ከላይና ከታች አድርጋችሁ ከጠርዝ ወደ መሐል ዳስሱ። ጣት ከሚገመተው በላይ ይለካል። በስሱ ጫን ሲሉት ቅስስ ብሎ የሚመለስ ከሆነ፣ አንዳንዴ እንደ ቆርቆሮ ክዳን «ቀጭ» ይላል፣ ያ ቦታ ደክሟል። በኃይል ግን አትጫኑት፤ ገና ሳትገዙት ባለዕዳ ትሆናላችሁ።

ብየዳን በተመለከተ ሁለት ዓይነት አለ። ጎበዝ አንጥረኛ በብር መበየጃ የሠራው ጥገና ንጹሕ ነው፤ ቀለሙም ይቀራረባል። ችግሩ እርሳስና ቆርቆሮ ቀላቅሎ የሚበየደው ነው። ግራጫ፣ ድብዝዝ ያለ፣ ያንጠባጠበ ሻማ የሚመስል ነገር በእጀታው ሥር ወይም በእግሩ ዙሪያ ካያችሁ እሱ ነው። መልኩ ብቻ አይደለም ነውሩ። በኋላ አንድ አንጥረኛ እዚያው አካባቢ በእሳት ሊጠግን ቢሞክር እርሳሱ ብሩ ውስጥ ገብቶ ይበላዋል፤ ዓይናችሁ እያየ ይበሳል። ስለዚህ እርሳሱ መጀመሪያ ተፍቆ መውጣት አለበት። ጥገናውን ውድ የሚያደርገው ይህ ነው።

ስንጥቅ በዓይን ካልታየ በጆሮ ይሰማል። ጎድጓዳ ሳህኑን በጣቶቻችሁ ጫፍ ላይ አሳርፋችሁ በጥፍር መታ አድርጉት። ጤነኛው ይዘምራል፤ ድምፁም ይቆያል። የተሰነጠቀው ዝዝ ብሎ ይሞታል። ማንቆርቆሪያ ደግሞ ውስጡ ትንሽ መብራት አስገብታችሁ ጨለማ ክፍል ውስጥ ብታዩት የመርፌ ቀዳዳ ካለ ኮከብ ሆኖ ይወጣል። ባለቤቱ ከፈቀደ ቀዝቃዛ ውኃ ሞልታችሁ ደረቅ ወረቀት ላይ አቁሙት። ወረቀት አይዋሽም።

ዕቃ በዕቃ እንሂድ፤ ሁሉም ላይ እኩል አልቆይም።

ማንኪያ ላይ የጎድጓዳውን ጫፍ ተመልከቱ። ዘመን በዘመን ሳህን ሲጭር ይበላል። ብዙ ሰው ቀኝ እጁን ስለሚጠቀም የሚበላው የግራ ጠርዙ ነው። እንቁላል የመሰለ ቅርጽ መሆን የነበረበት ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ያ ነው። አንዳንድ ሰው ያዘመመውን ዙሪያውን ቆርጦ ያስተካክለዋል። ያኔ ማንኪያው አጠር፣ ክብ ይልና ከወንድሞቹ ጋር ሲሰለፍ ይጋለጣል። ስለዚህ ሙሉ ስብስብ ካለ ሁሉንም ጎን ለጎን ደርድሩ። አንዷ ብቻዋን ስትታይ ቆንጆ ናት፤ አሥራ ሁለቱ ሲሰለፉ ነው ሐቁ የሚወጣው።

ሹካ ከማንኪያ ቶሎ ያረጃል። ጥርሱ ሲያጥርና ጫፉ ሲሾል አልቋል። ተስተካክሎ የተቆረጠ ሹካ ጥርሶቹ እኩል ናቸው፤ ግን ርዝመታቸው ከግንዱ ጋር አይመጣጠንም፤ ድንክ ይመስላል። የድሮ ባለ ሦስት ጥርስ ሹካ ብርቅ ስለሆነ ከማንኪያ ሹካ የሚሠሩም ነበሩ። ጥርሱ ከመጠን በላይ ስስ ከሆነ መነሻው የማንኪያ ጎድጓዳ ሊሆን ይችላል።

ቢላዋ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የተቃጠልኩበት ነው። የብር ቢላዋ እጀታ አብዛኛው ባዶ ቱቦ ነው። ሁለት ስስ ግማሾች ተጋጥመው ይበየዱና ውስጡ በቅጥራን ወይም በሙጫ ይሞላል። እኔ ይህን ሳላውቅ ስድስት የጠቆሩ ቢላዎች የፈላ ውኃ፣ ቤኪንግ ሶዳና የአሉሚኒየም ፎይል ውስጥ ዘፈዘፍኩ። ጥቁረቱ እውነትም ሄደ። ከደቂቃዎች በኋላ ግን ከአንዱ እጀታ መገጣጠሚያ ቡናማ ነገር እየተጎተተ ወጣ፤ እንደ ቀለጠ ካራሜላ። ሌላው ሲደርቅ ስለቱ እጄ ላይ ቀረ፣ እጀታው ሳህኑ ውስጥ። ሙቀት ሙጫውን ያለሰልሰዋል፤ ይነፋዋል። ዕቃ ማጠቢያ ማሽንም ያንኑ ይሠራል። ስለዚህ ቢላዋ ስትመረምሩ እጀታውን ጆሯችሁ አጠገብ ነቅነቅ አድርጉት፤ ውስጡ ከተንኳኳ ሙሌቱ ተሰብሯል። መገጣጠሚያውን ከላይ እስከ ታች በመነጽር ተከተሉ። ስለቱንም እዩ። የማይዝገው ብረት ሼፊልድ ውስጥ ሃሪ ብሬርሊ የሠራው በ1913 ነው። የ1800 ማህተም ያለው እጀታ ላይ የማይዝግ ስለት ካለ ስለቱ ተቀይሯል። ለሚበላበት ሰው ይህ በጎ ነገር ነው፤ ለሰብሳቢ ግን መቀነሻ ነው። ክብደቱንም እንደ ብር አትቁጠሩት፤ የምትመዝኑት ቅጥራንና ብረት ነው። የሻማ መቅረዝም ያው ነው፦ ስስ ብር፣ ሆዱ የተሞላ። እዚያ ላይ ጥጋጥጉን እዩ፤ ሹል ማዕዘኑ መጀመሪያ ይበሳና ጥቁሩ ሙሌት ብቅ ይላል።

የሻይ ማንቆርቆሪያ ላይ ኃይል የሚያርፍበትን ቦታ ፈልጉ። እጀታው ከሆዱ ጋር የሚገናኝበት፣ የክዳኑ ማጠፊያ፣ የመቅጃው ሥርና ከንፈር፣ እግሮቹ። እግር ያለው ዕቃ በኃይል ሲቀመጥ እግሩ ወደ ሆዱ ይገባል፤ ከውስጥ ሲታይ እብጠት ሆኖ፣ አንዳንዴም ስንጥቅ ሆኖ ይታያል። ክዳኑን ክፈቱና ዝጉ፤ ወደ ጎን የሚወዛወዝ ከሆነ የማጠፊያው ሽቦ አልቋል፤ ይህ ቀላል ጥገና ነው። ክዳኑ ላይም አጭር ማህተም ፈልጉ፤ ከሆዱ ጋር ካልተዛመደ ክዳኑ የሌላ ነው።

ጨው የሚቀርብበት ትንሽ ዕቃ ውስጡን ነው የሚታየው። ጨው ብርን ይበላል። ጥቁር ነጥብ ትመስላለች፤ ጥፍራችሁን ስታሳልፉባት ግን ጉድጓድ ናት። በውልወላ አትወጣም። ለዚህ ነው የድሮ ሰዎች ውስጡን ወርቅ የሚቀቡት ወይም የመስታወት ጽዋ የሚያስገቡበት። መስታወቱ ካለ አንስታችሁ ከሥሩ እዩ፤ ጉዱ የሚደበቀው እዚያ ነው።

የተለወጠ ዕቃ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች የአያቶቻቸው ዕቃ ልሙጥ መሆኑ አላማራቸውም። ብዙ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ልሙጥ ዕቃ ያኔ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ አበባና ቅጠል ወጣበት። ክዳን ያለው ትልቅ የቢራ ኩባያ መቅጃ አፍ ተበይዶለት ማንቆርቆሪያ ሆነ። የሚታወቀው እንዴት ነው? አበባው ማህተሙን ረግጦ ካለፈ፣ ወይም ማህተሙ ከሥሩ ጎብጦ ከታየ፣ አበባው ኋላ የመጣ ነው። መቅጃው ላይ ማህተም ከሌለም ጠርጥሩ። ብሪታንያ ውስጥ የተመረመረ ዕቃ ላይ ያለ ቢሮው ፈቃድ አካል መጨመር የሕግ ጉዳይ ነው፤ የ1973 የማህተም ሕግም ይመለከተዋል።

አሁን ወደዚያ ወደሚያበራው ማንኪያ እንመለስ። ለረጅም ዘመን በእጅ የተያዘና በጨርቅ የተወለወለ ብር ላዩ ላይ እልፍ አእላፍ ጥቃቅን ጭረት አለው። ብርሃኑን የሚያለሰልሰው እሱ ነው፤ ሰብሳቢዎች የሚሞቱለት ያን መልክ ነው። በማሽን ብሩሽ የተፈገፈገ ዕቃ ግን እንደ መኪና መከላከያ ያብረቀርቃል። የቅርጹ ጠርዝም አብሮ ተላጭቷል። እንደገና ብር የለበሰ ሙሉ ብርም አለ። ለምን ይለበሳል? ብር በእሳት ሲሠራ ኦክስጅን ወደ ውስጥ ይገባና መዳቡን ይይዘዋል፤ ከላዩ ሥር ግራጫ ወይን ጠጅ ጥላ ይቀራል። በድሮ ዕቃ ላይ ይህ የእሳት ጥላ መታየቱ እንዲያውም ላዩ እንዳልተነካ ይመሰክራል። አንዳንዱ ነጋዴ ግን እንደ እድፍ ያየውና በብር ይሸፍነዋል። አብሮ ብየዳውንም፣ የተፋቀውንም ይሸፍናል። የ1770 ዕቃ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ወተት አንድ ዓይነት ነጭ ከሆነ፣ አንድም ጥላ፣ አንድም ጭረት ከሌለው፣ እኔ አላምነውም። ቫርኒሽ የተቀባም ይኖራል፤ እሱ የሚለየው ቫርኒሹ በተላጠበት ቦታ ብቻ እንደ ካርታ ሲጠቁር ነው። በአሴቶን ይለቃል፤ ጉዳት የለውም።

ዕቃውን በእጅ ሳትይዙ በፎቶ ብቻ የምትገዙ ከሆነ፣ የፊቱን ምስል ተዉት። የማህተሙን ቅርብ ፎቶ በጎን ብርሃን ጠይቁ። የቂጡን፣ የእጀታውን ሥር፣ የክዳኑን ውስጥ። ማንኪያና ሹካ ከሆነ ሁሉም ተሰልፈው፣ ጫፍ ለጫፍ። ሚዛን ላይ የተቀመጠ ፎቶም፣ ቁጥሩ እየታየ። ሻጩ «መጀመሪያ ልወልውለውና አነሣዋለሁ» ካላችሁ፣ እባክህ እንዳትነካው በሉት።